ወይዘሪት ፉርሽካ

ስሟን ያወጣላት የአእምሮ ሕሙማን ማቆያው ዋና ሐኪም ነው። ከዚያ በፊት የራሷ ስም ነበራት፤ አባቷ ያወጣላት፣ በትምህርት ቤት መዝገብ የሰፈረ፣ በኬሚስትሪ ዲፕሎማዋ ላይ በደማቅ ቀለም የተጻፈ። ዋና ሐኪሙ ግን አንድ ቀን ጠዋት በሐኪሞች ስብሰባ ላይ፣ «እስቲ ወይዘሪት ፉርሽካ ደግሞ ምን ትለናለች?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሞቹ አውካኩ። ከዚያ ቀን ወዲያ እስክትቀበር ድረስ በሌላ ስም የጠራት ሰው አልነበረም።

የወፍጮ ቤት ልጅ ናት። አባቷ ወንዝ ዳር ሁለት የድንጋይ ወፍጮ ነበረው። ኋላ ድንጋዮቹን ጥሎ የብረት ማሽን አስገባና ዱቄቱ እንደ ኖራ ነጣ። ነጩ ፉርኖ ዱቄት ወደ ዳቦ ቤት፣ ገለባው ፉርሽካ ወደ ከብት ገንዳ ይሄዳል። አባቷ ሰውንም በዚሁ ወንፊት ነበር የሚያበጥረው። ጎበዝ ሲያይ «ይሄ ፉርኖ ነው» ይላል፤ ሰነፍ ሲያይ «ፉርሽካ!» ብሎ ይተፋል። ልጁ ኬሚስትሪ ልማር ስትለው ትንሽ አሰበና፣ «ተማሪ፤ ባል ብታጪ ሳሙና ትሠሪያለሽ» አላት።

በዚያ ዘመን የሕያው ነገር ኬሚስትሪ ገና ስም አልወጣለትም ነበር። ኬሚስቶቹ «የሐኪሞች ሥራ ነው» ይላሉ፤ ሐኪሞቹ «የኬሚስቶች ነው» ይላሉ፤ ማንም ሳይወስደው መሐል ላይ የቀረው ሽንት ነበር። ፕሮፌሰሯ፣ «ለወንድ ተማሪ የማልሰጠውን ሥራ እሰጥሻለሁ» አላት። አልዋሸም፤ ወንዶቹ ሁሉ እምቢ ብለውት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከፈረሰኛ ጦሩ ጋጣ በበርሜል የሚመጣ የፈረስ ሽንት ቀቀለች፣ አጠለለች፣ አተነነች። ሽታው ከፀጉሯ አልወጣ አለ። ያከራየቻት ሴትዮ መጀመሪያ ልብሷን ውጭ እንድታሰጣ ጠየቀቻት፤ ቀጥሎ ምግቧን ውጭ እንድትበላ፤ በመጨረሻ ጠቅልላ ውጭ እንድትኖር።

ጽሑፉ ሲታተም ፕሮፌሰሩ በመጨረሻው ገጽ ላይ የጋጣውን ኃላፊ አመስግኖ ነበር። የእሷ ስም የለም። ሄዳ ጠየቀችው።

«ምነው ወይዘሪት» አላት መነጽሩን እየወለወለ፣ «ፈረሶቹም እኮ ስማቸው አልተጠቀሰም።»

ያም ሆኖ አንድ ነገር ተምራ ወጣች። አንድ በርሜል ሙሉ ነገር ጥፍር ላይ የምታርፍ ቁንጥር እስኪሆን ማሳነስ፣ በየደረጃው የጠፋውን ከቀረው መለየት ቻለችበት። በዚህ የሚስተካከላት አልነበረም፤ ግን ማንም አልጠየቃትም።

ታናሽ ወንድሟ በሃያ ሁለት ዓመቱ የአባቱ ማሽን ሲያናግረው መስማት ጀመረ። መጀመሪያ ማሽኑ ይቀልድበት ነበር፤ ኋላ ይሰድበው ጀመር፤ በመጨረሻ እጁን አስገባ ብሎ አዘዘው። ሁለት ጣቱን ከበላው በኋላ አባቱ በጋሪ ጭኖ ከከተማው ዳር ላለው የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ አስረከበው። ሲመለስ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ «ከእኔ ቤትም ፉርሽካ ወጣ» አለ። ያን ልጅ ዳግመኛ አላየውም።

እህትየው ግን ተከትላው ሄደች። ማቆያው የበሽተኞችን ሽንት የሚመረምር ሰው ይፈልግ ነበርና በድሮው ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ምድጃና አሥራ ሁለት ብልቃጥ ሰጧት። ወንድሟ ሲያያት፣ «እታለም፣ አንቺንም አመመሽ?» አለ። እሷ ሳቀች። እሱ ግን የምሩን ነበር፤ እዚያ የሚገባ ሰው ሁሉ ታሞ እንደሚመጣ ነው የሚያውቀው።

ማቆያው ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ወንዶች ነበሩበት። አብዛኞቹ በእብደታቸው አይሞቱም፤ በእግራቸው ነው የሚሞቱት። በሽታውን በሽተኞቹ ራሳቸው «እግር አሳሪ» ይሉታል። መጀመሪያ የእግር ጣት ይደነዝዛል። ከዚያ ባት ሲነኩት ያሳብዳል። ቀጥሎ ሰውየው እግሩን መሬት ላይ እየጎተተ ይሄዳል፤ ገላው ያብጣል፤ አንድ ቀን ጠዋት ልቡ እንደ ተባረረ ፈረስ ይጋልብና ቀጥ ይላል። በየክረምቱ ሃያም ሠላሳም ሰው ይቀበራል።

ዋና ሐኪሙ የበሽታውን ምክንያት አውቄዋለሁ ባይ ነበር፤ እርጥብ ወለል ላይ የሚራባ ጀርም። ስለዚሁ ወፍራም መጽሐፍ ጽፎ ሜዳሊያ ተሸልሟል። ድምፁ ለስላሳ፣ እጁን በቀን ሃያ ጊዜ የሚታጠብ፣ የማንንም ስም የማይረሳ ሰው ነው። ጀርሙን ለማጥፋት ወለሉ በየቀኑ በካርቦሊክ ይታጠብ ነበር፤ የሚያጥቡትም በሽተኞቹ ናቸው። መቆም ያቃታቸው በጉልበታቸው እየዳሁ ይፈትጋሉ። «መቆም ካልቻሉ» ይል ነበር ዋና ሐኪሙ በዚያ በለስላሳ ድምፁ፣ «ለሥራው እንዲያውም ይመቻል።»

አንድ ሰሞን ደግሞ ጀርም ይገድላል ያለውን ግራጫ ሽሮፕ በጠርሙስ ማጠጣት ጀመረ። የወንድሟ ድድ ደማ፤ ጥርሱ ተነቃነቀ። እህቱ ሽንቱን መርምራ ሜርኩሪ አገኘችበት። ትከሻውን ይዛ፣ «ስማኝ። በጠርሙስ የመጣ ነገር ከእኔ እጅ በቀር ከማንም እንዳትጠጣ። እኔ ካልሰጠሁህ አፍህን ግጠም። ማልልኝ» አለችው።

«የእናታችንን አጥንት!» አለ። እንደ ወታደር ትእዛዝ ያዘው። ሽሮፑን ሲያመጡለት ከንፈሩን ይነክሳል፤ ቢገርፉትም አይከፍትም።

ልብስ ማጠቢያው መስኮት ላይ ርግቦች ያርፋሉ። በሽተኞቹ የሚጥሉላቸውን ነጭ ዳቦ ነው የሚበሉት። አንድ ቀን ከርግቦቹ አንዷ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ተቆልምሞ፣ ዓይኗ ሰማይ ሰማይ እያየ እንደ ኳስ ስትንከባለል አገኘቻት። በማግስቱ ሌላ፣ በሦስተኛው ቀን ሦስት። እግራቸው ሽባ ነው። የወፍጮ ቤት ልጅ ናትና የነጩ ዱቄት ነገር ከነከናት። ከአባቷ ቤት አንድ ከረጢት ፉርሽካ አስመጣች፣ በውሃ ዘፈዘፈችው፣ አጠለለችው፣ በቀስታ አተነነችው፤ ቡናማውን ውሃ በጠብታ ርግቧ አፍ ውስጥ አደረገች። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ርግቧ ተነሥታ ጠረጴዛው ላይ ኩስ ጣለችና በመስኮቱ በረረች።

ያን ዕለት ነው ከረጢቱን እንደታቀፈች፣ ዱቄት በዱቄት ሆና ስብሰባው ላይ የገባችው። «በሽታው ጀርም አይደለም» አለች። «ከምግቡ የጎደለ ነገር ነው። ማሽኑ አበጥሮ የሚጥለው ነገር አለ።» ዋና ሐኪሙ እስክትጨርስ ጠበቀ፤ ከዚያ ያን ስም አወጣላት። አባቷ ለወንድሟ ያወጣለት ስም መሆኑን ሐኪሙ አያውቅም። እሷ ግን ሳቁ ውስጥ የአባቷን ድምፅ ሰማች።

ስብሰባው ላይ የማቆያው ቦርድ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ዳኛ ነበሩ። እሳቸው አልሳቁም፤ መሳቅም አይችሉበትም ይባል ነበር። «ይሞከር» አሉ። ቃላቸው አይታጠፍም።

የሙከራውን ሕግ ያወጣው ዋና ሐኪሙ ነው። ሁለት አዳራሽ፣ ምሥራቅና ምዕራብ፤ በእያንዳንዱ መቶ አርባ ሰው። በምሥራቁ ዳቦ ውስጥ ፉርሽካ ይደባለቃል፤ ምዕራቡ ነጩን ዳቦ ይበላል። ስድስት ወር። ማን የት እንደሚገባ በዕጣ ይለያል። ፉርሽካ፣ እንግዲህ እኛም በዚሁ ስም እንጥራት፣ እስከ መጨረሻው ቀን ከአዳራሾቹ ደጃፍ አትደርስም።

ዕጣው ወንድሟን ምዕራብ ጣለው። የእግሩ ጣት ቀድሞ ደንዝዟል።

ዋና ሐኪሙ በወጥ ቤቱ ኮሪደር ላይ አገኛትና ቆመ። «ስለ ወንድምሽ አዝኛለሁ» አላት። «ወደ ምሥራቁ ላዛውርልሽ? አንድ ቃል ይበቃኛል።»

ምን እንደሚፈልግ ገብቷታል። አንዱን ሰው ካዛወረች ሙከራው ተበላሸ፤ ተበላሸ ማለት ደግሞ ዳግመኛ አይሞከርም። ግድግዳውን እያየች፣ «ባለበት ይቆይ» አለች።

በወጥ ቤቱ በር ይህን የሰማች አንዲት ሴት ነበረች፤ የማቆያውን ምግብ የምታበስለው። ወጥ ቤቷ ግዙፍ፣ ክንዷ በዘይት የተጠባበሰ፣ ከሃምሳ ዓመት ያለፈች መበለት ናት። የፉርሽካ ወንድም ደህና በሆነ ቀን ሽንኩርት ይልጥላታል፤ ሁለቱ ጣቶቹ ባይኖሩም ፈጣን ነው፤ ማሽኑ ሳይሆን ቢላዋው እንዲያጫውተው ትዘፍንለታለች። ሐኪሙ ሲሄድ ወጥ ቤቷ ወደ ፉርሽካ ቀና ብላ፣ «የገዛ ወንድምሽን?» አለቻት።

«ለሁሉም ነው፣ እትዬ።»

«ልበ ደንዳና!» አለችና በሩን ጠረቀመችው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ፉርሽካ በልብስ ማጠቢያው መስኮት በኩል ግቢውን እያየች አሳለፈች። ምዕራቦቹ ለንፋስ ሲወጡ ስንት ሰው እንደሚያነክስ ትቆጥራለች። ሲያነክሱ ማየት ነበረባት፤ ትክክል ከሆነች መውደቅ መጀመር አለባቸው። ወንድሟ እንዲወድቅ እየጠበቀች ወንድሟን ትፈልጋለች። በሦስተኛው ወር ያለ ዱላ ሲሄድ አየችው። በአራተኛው ወር ድንጋይ ዘሎ ተሻገረ። መስኮቱን ይዛ በደስታ አለቀሰች።

እዚያ ላይ መጠየቅ ነበረባት። ነጭ ዳቦ የሚበላ፣ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ድንጋይ አይዘልም። ከአንድ በርሜል ውስጥ ቁንጥሩን ለይታ የምታወጣው ሴት ይህን አልጠየቀችም። እንባዋን ጠርጋ ወደ ብልቃጦቿ ተመለሰች።

በስድስተኛው ወር መጨረሻ ዋና ሐኪሙ ውጤቱን አነበበ። በምሥራቅ የታመሙ፣ ሁለት። በምዕራብ የታመሙ፣ ሦስት። የሞተ፣ ከሁለቱም የለም። «ፉርሽካ ያልበሉትም ፉርሽካ እንደበሉት ድነዋል» አለ ወረቀቱን እያጠፈ። «ዘንድሮ ወለሉን በደንብ አጥበናል።» ሐኪሞቹ አጨበጨቡ። አንዱ ከኋላ የፈረስ ማሽካካት አሰማ፤ የሽንቱ ወሬ ደርሶት ኖሯል። ዳኛው ብቻ፣ «ልጄ፣ ማስረጃሽ አልቆመም» አሏት፤ ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ፉርሽካ ወደ ማቆያው ግቢ እንዳይገባ ተከለከለ። የተረፈው ለአሳማዎቹ ተሰጠ።

ክረምቱ ሲገባ በሽታው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ የከረመ ይመስል ገባ። በአሥረኛው ሳምንት ከሁለቱም አዳራሽ አሥራ ዘጠኝ ሰው ተቀብሯል። ወደ አዳራሾቹ እንዳትደርስ የተጣለባት ክልከላ ተነሥቶ ስለነበር ፉርሽካ ወንድሟን ልታይ ገባች። እግሩ እንደ ትራስ አብጧል፤ በጣቷ ስትጫነው ጉድጓዱ አይሞላም።

«እታለም፣ ሾርባውን ምን አደረጉት?» አላት።

«የቱን ሾርባ?»

«ያን ጉሮሮ የሚያሻክረውን ነዋ። አሁን ውሃ ብቻ ሆነ። ያኔ ወፍራም ነበር፣ ቡናማ፤ ገለባ ገለባ ይል ነበር።»

 ተነሥታ በቀጥታ ወጥ ቤት ገባች።

ወጥ ቤቷ ድስት ትፈትግ ነበር። ፊቷን ስታይ ጨርቁን ጣለችው።

«እትዬ፣ ምዕራቦቹን ፉርሽካ አብልተሻል?»

«አብልቻለሁ።»

«ወንድሜን ብቻ?»

«አንዱን አብልቼ የሌላው ዓይን አያይም? ሁሉንም ነው። ለምሥራቆቹ ዳቦ ከሚመጣው እያጎደልኩ በሾርባው እቀቅልላቸው ነበር። ማን ሞተ? ንገሪኝ እስቲ፣ ስድስት ወር ሙሉ ማን ሞተ?»

«አሁን ማን እየሞተ ነው?» አለቻት ፉርሽካ። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ወጥ ቤቷ ግን ብትመታት ይሻላት ነበር። «አሥራ ዘጠኝ። አንቺ ነሽ የቀበርሻቸው። ዝም ብትይ ኖሮ ዛሬ ሁሉም ፉርሽካ ይበላ ነበር።»

ወጥ ቤቷ ድስቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ሽርጧን ፈታች። «ነይ፣ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ» አለች። ተያይዘው ሄዱ።

ዋና ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀመጣቸው፤ ለወጥ ቤቷ የገዛ ወንበሩን ሰጣት። ፉርሽካ ነገሩን ስትጨርስ እጁን ታጠበ፣ አደረቀ፣ ወደ ወጥ ቤቷ ዞረ።

«የሕሙማንን ምግብ ያለ ትእዛዝ የለወጠ ሰው እስር ቤት እንደሚገባ ታውቂያለሽ አይደል? አሥር ዓመት። አንቺ ደግሞ ልጅ አልወለድሽ፣ ስንቅ የሚያመጣልሽ የለ። እንግዲህ በጥንቃቄ መልሺልኝ። ለውጠሻል?»

ወጥ ቤቷ እጆቿን አየች።

«እኔ ምንም የማውቀው ነገር የለኝም ጌታዬ» አለች።

«ተመልከቺ» አለ ሐኪሙ ለፉርሽካ፣ ከልቡ ያዘነ መስሎ። ወጥ ቤቷ ስትወጣ በሩን ራሱ ከፍቶ ሸኛት።

ፉርሽካ ሁሉንም ነገር ትታ ለመነችው። «ለወንድሜ ብቻ ይፍቀዱልኝ። ለእሱ ብቻ።»

«ስድስት ወር ሙሉ አንቺው የከለከልሽውን?» አላት። በማግስቱ ከሥራ ተባረረች፤ ዘበኞቹ በግቢው በር እንዳያሳልፏት ታዘዙ።

የፉርሽካውን ውሃ አዘጋጅታ በጠርሙስ ሞልታ በአጥሩ ጀርባ ቆመች። ወጥ ቤቷ በማለዳ ስትመጣ ጠበቀቻትና ጠርሙሱን ዘረጋችላት። ወጥ ቤቷ በሽርጧ ሸፍና አስገባችው። በሐኪሙ ፊት ያጣችውን ድፍረት እዚህ አገኘችው። የወንድምየው አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ራሱን ቀና አደረገችና ጠርሙሱን ከንፈሩ ላይ አስጠጋች።

አፉን ገጠመ።

«የኔ ጌታ፣ እህትህ ናት የላከችው» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ እላለሁ፣ ማርያምን እላለሁ፣ የፈለግከውን ልማልልህ!» ከንፈሩን ነከሰ። አፍንጫውን ያዘችው፤ ሁለት ጣት በጎደለው እጁ ገፈተራት። ልቡ ከሸሚዙ ስር ሲዘል ይታያል። ሦስት ቀን እየተመላለሰች ለመነችው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ሞተ። ጠርሙሱ ሙሉ ነበር።

ወጥ ቤቷ ይህን በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ለፉርሽካ ነገረቻት። ቀብሩን እንድታይም አልተፈቀደላትም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ዳኛው ቤት ሄደች።

«ምስክርሽ ክዳለች» አሏት ሁሉን ከሰሙ በኋላ። «ሌላ ምስክር አለሽ?»

«አለኝ» አለች። «ይቆልፉብኝ።»

ዳኛው ቤታቸው ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ቆለፉባት፤ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። የምትበላው የማቆያውን ነጭ ዳቦ፣ ሻይና ውሃ ብቻ እንደሆነ ተጽፎ ተፈረመ። ዳቦውን የሚያስገቡላት የዳኛው ባለቤት ነበሩ፤ እንደ ባላቸው ያሉ፣ ከወረቀት የማይወጡ ሴት። ፉርሽካ በየጠዋቱ የልብስ ካውያ በአንድ እጇ ታነሣለች፤ ስንት ጊዜ እንዳነሣች ትጽፋለች። መጀመሪያ ሠላሳ አራት ነበር። በስልሳኛው ቀን ሃያ። በሰባ አንደኛው ቀን የእግሯ ጣት ደነዘዘ። በዘጠና ሦስተኛው ቀን አለቀሰችና አንድ እንቁላል ለመነች።

«የፈረምሽው ላይ እንቁላል የለም» አሉ የዳኛው ባለቤት፤ በሩን ቆልፈው ሄዱ። ካውያውን ያን ቀን ስድስት ጊዜ አነሣችው።

መድኃኒቱን፣ የፉርሽካውን ውሃ፣ ቀደም ብላ አዘጋጅታ በዳኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ነበር። ልቧ በደቂቃ ከመቶ ሠላሳ ሲያልፍ ይሰጧት ዘንድ ተስማምተዋል። በመቶ አሥራ ስምንተኛው ቀን የልቧ ምት መቶ ሠላሳን አለፈ። ዳኛው ግን ከሌላ ከተማ ያስጠሩት ሐኪም ገና አልደረሰም። «ምስክር ታማሚነትሽን ሳያይ ብትድኚ ምን ዋጋ አለው? እንደ መጀመሪያው ይሆናል» አሏት። እውነታቸውን ነበር። ሐኪሙ የመጣው በሁለተኛው ቀን ማታ ነው። መተንፈስ አቅቷት ግድግዳ ተደግፋ አገኛት፤ መረመረ፣ ጻፈ፣ ፈረመ። ከዚያ አጠጧት። ሲነጋ ልቧ ሰከነ፤ እብጠቱ ጎደለ። እግሯ ግን አልተመለሰም። ሁለቱ ቀናት ወሰዱት።

ዳኛው የሐኪሙን ጽሑፍ ይዘው ቦርዱን ሰበሰቡ። ፉርሽካ ወደ ማቆያው ዳቦ ተመለሰ፤ በሁለት ወር ውስጥ እግር አሳሪ ጠፋ። ዋና ሐኪሙ መጽሐፉን አሻሽሎ አሳተመ። «ፉርሽካ ጀርሙን እንደሚገድል በማቆያዬ አረጋግጫለሁ» ይላል። ሁለተኛ ሜዳሊያ ተሰጠው። ከዓመታት በኋላ በተኛበት አረፈ፤ በቀብሩ ላይ የከተማው ሱቅ ሁሉ ተዘጋ።

ሌሎች ሰዎች በሌላ አገር ያንኑ ነገር ሲያገኙ ነው የፉርሽካ የካውያ ቁጥሮች የተነበቡት። ያኔ ላቦራቶሪ ሰጧት፤ የመምህርነት ወንበርም። ጨካኝ መምህር ሆነች። የተሳሳተ ብልቃጥ በክራንቿ ትሰብራለች፤ ተማሪ ሲያለቅስባት «አጥልለው፣ ጨው ይወጣዋል» ትላለች።

ፉርሽካ ከዳኛው ቤት በወጣች በወሩ ነበር ወጥ ቤቷ በሯን ያንኳኳችው። ማቆያውን ለቃ ነበር። ፉርሽካ ከአልጋዋ ሳትነሣ፣ «ይቅርታ አላደርግልሽም» አለቻት።

«ይቅርታ መች ጠየቅኩ? ውሃ አሙቄ እግርሽን ልጠብልሽ ነው» አለች ወጥ ቤቷ፤ ገብታ ምድጃውን ለኮሰች። አሥራ ሰባት ዓመት እየተመላለሰች አጠበቻት፣ አለበሰቻት፣ ደግፋ ደረጃ አወጣቻት። ስለ ወንድምየው አንድም ቀን አላነሡም።

ከተማሪዎቹ ጋር ሲሆን ግን ፉርሽካ ነገሩን ታነሣው ነበር። በየዓመቱ የመጀመሪያው ትምህርት ላይ ወጥ ቤቷን ከሰሌዳው ፊት ታቆማታለች። «ንገሪያቸው» ትላታለች። ወጥ ቤቷም ሽርጧን ጨብጣ ትናገራለች፤ እንዴት እያጎደለች እንደቀቀለች፣ በሐኪሙ ፊት እንዴት እንደካደች። ከዚያ ፉርሽካ ትቀጥላለች፦ «በዚያ ክረምት አርባ ሰባት ሰው ሞተ። ከሙከራችሁ በር ላይ ሌባ ቢመጣ አትፍሩ። ደግ ሰው ከመጣ ግን ቆልፉ።» ተማሪዎቹ ይጽፋሉ። ወጥ ቤቷ እስክትፈቅድላት እዚያው ቆማ ትጠብቃለች።

በአሥራ ሰባተኛው ዓመት አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «እማማ፣ አሁን ቢሆን ደግመው ያደርጉታል?» ብላ ወጥ ቤቷን ጠየቀቻት። እስከዚያ ቀን ማንም ለእሷ ጥያቄ ጠይቋት አያውቅም።

ወጥ ቤቷ አሰበች። «ሐኪሙ ፊት ያደረግኩትን አልደግመውም» አለች። «እሱን እግዜር ይጠይቀኛል። ሾርባውን ግን፣ ልጄ፣ ሰው ፊቴ እግሩን እየጎተተ ሳህን ሲዘረጋልኝ እደግመዋለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ምዕራብ አዳራሽ አንድ ሰው አልሞተም። እመቤቴ ሁልጊዜ የሞቱትን ነው የምትቆጥርላችሁ።»

 ፉርሽካ ፊቷ ደም መሰለ። «ውጡ» አለች። ተማሪዎቹ ሲወጡ ወጥ ቤቷ እንደ ልማዷ ክራንቾቹን ልታቀብላት ቀረበች።

«ተያቸው። ከነገ ጀምሮ አትምጪ።»

«ማን ያጥብሻል?»

«አትምጪ አልኩሽ።»

በማግስቱ መጣች፤ በሩ ተቆልፎ ነበር። ለሳምንት ያህል እየመጣች ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ቀረች። ዕድሜዋ ሰባን ተሻግሯል። አንድ ዳቦ ቤት በጓሮ በኩል ዕቃ እንድታጥብ ተቀበላት።

ፉርሽካ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረች። የቀጠረቻቸው ሴቶች ከአንድ ወር በላይ አልቆዩላትም። በመጨረሻው ዓመት ስለ እግር አሳሪ የጻፈችው መጽሐፍ ዳግመኛ ሊታተም ሲል የሁለቱን አዳራሾች ሰንጠረዥ አስወጣችና በገዛ እጇ አረመችው። ምዕራቡን «ፉርሽካ ያልበሉ» ከሚለው ረድፍ ሰርዛ «በወጥ ቤቷ እጅ የበሉ፤ መቶ አርባ ሰው፤ ሞት የለም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ማብራሪያ አልጨመረችም። አራሚው ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ «ቁጥሩ ስለሆነ ነው» አለችው።

መጽሐፉ ወጣ። ወጥ ቤቷ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ዳቦ ቤቱ ሄዶ ያነበበላት ሰውም የለም። ፉርሽካ የተቀበረች ቀን ከቀባሪው መሐል አንዲት አሮጊት እጇ እርጥብ እንደሆነ መጥታ ከኋላ ቆማ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ አውቋት፣ ወደ ፊት እንድታልፍ መንገድ ለቀቀላት። አላለፈችም። አፈሩ ሲያልቅ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።